«እሱ የሐይቁ ነው፣ ይሄ ኢኮኖሚክስ ነው»

የ11ኛ ክፍል የኢኮኖሚክስ ፈተና ሳርም አንድ ወረቀት ላይ እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። ጥያቄው ከባድ አልነበረም። ወደ አማርኛ ሲመለስ «በፆም ወቅት የሐዋሳ ሰው ከሥጋ ወደ ዓሣ ቢዞር፣ የዓሣ ዋጋና የሚሸጠው መጠን ምን ይሆናል?» ነው የሚለው። (ዓሣ ፆም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቻለሁ።)

ልጁ እንዲህ ጽፏል (ዲማንድ የሚለው ፍላጎትን ነው)። ዲማንድ ይጨምራል። ስለዚህ ዋጋ ይጨምራል። ዋጋ ሲጨምር ዲማንድ ይቀንሳል። ዲማንድ ሲቀንስ ዋጋ ይቀንሳል። ዋጋ ሲቀንስ ዲማንድ ይጨምራል። እዚህ ላይ መጻፊያ ቦታው አለቀበት። ባያልቅበት ኖሮ እስከ ፋሲካ ይዞር ነበር።

ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሰነፍ አይደለም። እናቱ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ትጠብሳለች። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እሱም እዚያው ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እየጠበቁ በቆሙበት፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲገፈፍና ሲከተፍ እያየ ነው ያደገው። ጠርቼ ጠየቅኩት።

«በፆም ሰሞን ዓሣ ይወደዳል ይረክሳል?»

«ይወደዳል ቲቸር።»

«የምትሸጡትስ?»

«ይበዛል። በጠዋት ካልሄድን እንደውም አናገኝም።»

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ዋጋውን ለምን መልሰህ አወረድከው?»

ትንሽ አሰበና «እሱ እኮ የሐይቁ ነው ቲቸር፣ ይሄ ኢኮኖሚክስ ነው» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች መልስ ናት።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። ልጆቹ አያጠኑም፣ ስልክ በላቸው፣ ኩረጃ ለምደው ነው። የ2014 ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልተደናገጠ ወላጅ አልነበረም። የሚባለው ውሸት ነው አልልም። በእኔ ትምህርት ግን በየወረቀቱ የማየው ሌላ ነገር ነው። ያጠናው ልጅ ነው የሚሳሳተው። ሸምድዷል፣ ቸክሏል፣ ኖቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ግን የሚያውቀውን ገበያ ፈተና ክፍሉ በር ላይ ትቶት ይገባል።

የዓሣውን ጥያቄ እንመልከተው፤ ከሁሉም በላይ ማርክ የሚበላው ስህተት እሱ ነውና። እንግሊዝኛው «ዲማንድ» እና «ኳንቲቲ ዲማንድድ» ብሎ ይለያል። እኛ ሁለቱንም «ፍላጎት» ብለን እናልፋለን። ዲማንድ ማለት ግን ዝርዝሩ በሙሉ ነው። ዓሣው 200 ብር ቢሆን ይህን ያህል እገዛለሁ፣ 250 ቢሆን ይህን ያህል፣ 300 ቢሆን ይህን ያህል የሚለው ዝርዝር። ኳንቲቲ ዲማንድድ ከዚያ ውስጥ አንዷ መስመር ናት። ፆም ሲገባ ዝርዝሩ ራሱ ይቀየራል። በ200ም፣ በ250ም፣ በ300ም የሚገዛው ይበዛል። ከርቩ፣ ማለትም ይህ ዝርዝር ግራፍ ላይ ሲሳል የሚወጣው መስመር፣ ወደ ቀኝ ሄደ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ዋጋው ሲወደድ አንዳንዱ ገዢ «በዚህስ አልገዛም» ብሎ ይመለሳል። ይሄ እውነት ነው፣ ግን አዲሱ ከርቭ ላይ የሚደረግ ጉዞ ነው እንጂ ከርቩን ወደነበረበት አይመልሰውም። አጥማጁም ዋጋው ሲጥመው ጀልባውን ረዘም ላለ ሰዓት ያወጣል። የሰፕላይ (የአቅርቦት) ከርቩ አልተነቃነቀም፤ እሱ ላይ ወደ ላይ ወጣን እንጂ። መጨረሻው ዋጋም መጠንም ከፍ ማለት ነው። ልክ እናትየው እንደምታየው።

ግራፍ ከመሳልህ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ። መጀመሪያ የተቀየረው የዓሣው የራሱ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የራሱ ዋጋ ከሆነ ከርቩን አትንካው። ፆም፣ የሰው ገቢ፣ የሥጋ ዋጋ ከሆነ የዲማንድ ከርቩ ይሄዳል። የጀልባ ነዳጅ ወይም የመረብ ዋጋ ከሆነ ደግሞ የሰፕላዩ። ይህን የጠየቀ ልጅ ክብ አይዞርም።

ጥፋቱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን ኖት እናስገለብጣለን። ክፍሉ በሙሉ «ሲተሪስ ፓሪበስ»ን በዜማ ይለዋል። ምን ማለት ነው ስትል «ሌላው ሁሉ ባለበት ሲሆን» የሚል አይጠፋም። «ሌላው ሲባል ምን ምን?» ስትል ግን ጸጥ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ በአማርኛም በሲዳምኛም ይጨቃጨቁ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፉት ባይ ነኝ። «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹን ታበላሻቸዋለህ» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ልጁ በአፍ መፍቻው ያልገባውን ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚገባው እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ሁለተኛው ስህተት የዋጋ ግሽበት ነው። «ግሽበት ከ30 ወደ 15 በመቶ ወረደ» ከተባለ ግማሹ ክፍል «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ ይመርጣል። በብር እንየው። አንድ ኪሎ ጤፍ 100 ብር ነበር እንበል። በ30 በመቶ ጨምሮ 130 ሆነ። በዓመቱ ግሽበቱ 15 ሆነ። ጤፉ ስንት ነው? 149 ብር ከ50። የቀነሰው ሩጫው ነው፣ ዋጋውማ ሽቅብ ላይ ነው። ይህን ለእናቶቻችን ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ግሽበት ወረደ» የሚል ዜና ሲሰሙ የሚስቁት ለዚህ ነው።

በመቶኛ ላይ እንኳን ተማሪው እኛም እንወድቃለን። ግማሽና በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2015 ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን አንዱ «2.2 በመቶ ጨመረ» አለ፣ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የጨመረው 2.2 የመቶኛ ነጥብ ነው። ከነበረበት ሲሰላ 69 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ምርጫ ጥያቄ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ፈታኙ ማን የትኛው ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል።

የብር ምንዛሬም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። ቁጥሩ ስላደገ «ብር ጠነከረ» ብለው የጻፉ አሉ። አንድ ዶላር ለመግዛት ብዙ ብር ካስፈለገ የረከሰው ብሩ ነው። ቲማቲም ቢሆን አይሳሳቱም ነበር።

ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ ማለትም አንዱን ስትመርጥ የሚቀርብህ ጥቅም ላይ ደግሞ መደመር ይወዳሉ። አንድ ልጅ ማታ ባጃጅ ቢነዳ 400 ብር፣ ሱቅ ቢጠብቅ 250 ብር ያገኛል። ሁለቱንም ትቶ ቢያጠና ማጥናቱ ምን አሳጣው? ብዙው 650 ይላል። ሰው ባጃጅም እየነዳ ሱቅም እየጠበቀ አያመሽም። ካጣው ሁሉ የሚበልጠው አንዱ ነው፣ 400።

የፈተና ወረቀት አያያዙን ብዙ አላወራም፣ ሁሉም መምህር ይለዋልና። አንዷን ግን መተው አልቻልኩም። እንግሊዝኛ ጥያቄ ውስጥ በትልልቅ ፊደል «ኖት» የምትል ቃል አለች፣ «ያልሆነው የቱ ነው» ለማለት። ሌሊቱን ኖት ሲያጠና ያደረ ልጅ ይህችን «ኖት» ሳያያት ያልፋል። ትክክል የሆነውን የመጀመሪያ አማራጭ ያጠቁርና ይቀጥላል። አክብባት፣ ወይም አስምርባት። አንድ ሴኮንድ ናት።

ወደ ዓሣው ልጅ ልመለስ። ጥያቄውን ቤቱ ወስዶ እንደገና እንዲሠራው ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ይዞልኝ መጣ። ዲማንድ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ የሰፕላይ ከርቩ ባለበት ቆሟል፣ አዲሱ ዋጋና አዲሱ መጠን በነጠብጣብ ወርደዋል። ከታች በእንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፏል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል ግራፉን ደግሜ አየሁት። ከቋሚውና ከአግድሙ መስመር የቱ ዋጋ፣ የቱ መጠን እንደሆነ የትም አልጻፈም።

«ቲቸር፣ ይታወቃል እኮ» አለኝ።

አንድ ማርክ ቀነስኩ።