ይድረስ ለሳሎኔ ግድግዳ

ለተከበርከው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ
ቱሉ ዲምቱ

ጉዳዩ፦ የድራማ መጨረሻ አስቀድሞ ስለማውጣት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? «እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» እንዳልልህ ለናፍቆት ፋታ አልሰጠኸኝም፤ ብተኛ ራስጌዬ ነህ፣ ብቀመጥ ጀርባዬ ነህ።

አበው «ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲሉ የጭቃውን ቤት ማለታቸው ነው። ጭቃና ጭድ የሰማውን ውጦ ዝም ይላል። አንተ ግን አፍም አለህ። ለነገሩ ሆደ ባዶ ብሎኬት ምን ነገር ይቋጥራል!

20 በመቶውን ቆጥቤ፣ 80 በመቶውን ከባንክ ተበድሬ፣ ዕጣ ወጥቶልኝ እዚህ የከተማ ጫፍ ስመጣ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ስለሆነ ከነፋስና ከከባድ መኪና ሌላ የምሰማው አይኖርም ብዬ ነበር። ውሉንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከወዲያኛው ቤት ቴሌቪዥን ጋር በደባልነት እንደምኖር የሚገልጽ አንቀጽ የለውም። የፊኒሺንግ ድሪሉን ይቅር ብዬሃለሁ። ውሃ በፈረቃው ሲመጣ ሌሊት በርሜል ውስጥ የሚንዶቀዶቀውንም እንዲሁ። ክሴ ሌላ ነው።

እትዬ (ጎረቤቴን ማለቴ ነው፤ ስማቸውን ብጠራ አንተው ታደርስብኛለህ) ድራማ የሚያዩት በዲሽ ነው። እኔ የማየው በስልኬ፣ በኢንተርኔት። ለእሳቸው ከሳተላይት በቀጥታ ይወርድላቸዋል፤ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ተቆራርጦ፣ ከሰርቨር ሰርቨር ዞሮ፣ ስልኩም የድርሻውን አጠራቅሞ ነው። በዚህ መሃል ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እቀራለሁ። ግማሽ ደቂቃ ለድራማ ዘመን ነው! በእኔ በኩል ሰውየው ገና በር እያንኳኳ፣ በአንተ በኩል «ወይኔ ልጄን! ገደለችው!» ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሲገባ፣ ኮቱን ሲያወልቅ፣ ሻይ ሲቀርብለት የማየው እንደ ሟች ዘመድ ፎቶ ነው። «ተው አትጠጣው» ልለው ይቃጣኛል።

ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቱርኮቹ አማርኛ ለምደዋል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ከብዙዎቻችን የጠራ ይናገራሉ። ችግሩ አንተ ድምፁን ብቻ እየለየህ ማቀበልህ ነው። አንዱ ባለሙያ ለብዙ ሰው ድምፅ ያውሳል፤ ስለዚህ ትናንት አልቅሰን የቀበርነው ሰውዬ ዛሬ በሌላ ድራማ ሲዳር እሰማለሁ። ለሙሽሪት አዝኜላት እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

የእትዬ ልጅ ደግሞ ፊልም ወዳድ ነው፤ ስፒከሩንም ያስደገፈው አንተኑ ነው። በቀደም «ኦፐንሃይመር»ን ከፍቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ አብሬው ከረምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቦምቡ የሚፈነዳበት ቦታ ላይ ዳይሬክተሩን መረቅሁት፤ ብልጭታው ሲመጣ ፊልሙ ጭጭ ይላል፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚቀረው። እዚህ ቤት ከገባሁ የመጀመሪያዬ ጸጥታ ነበር። «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ፍንዳታው ደረሰ። የሰርጋችን ፎቶ እስካሁን እንደተንጋደደ ነው።

ስለ መጨረሻ ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ሲያልቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው «የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን» ብሎ ፈርሟል። እትዬ ፊርማ ማሰባሰብ አያሻቸውም፤ ያልተዋጠላቸውን በአንድ «ኤዲያ!» ይዘጉታል፣ ፍርዱም እኔ ሳላየው ይጸናል። የእኛዎቹ ተከታታይ ድራማዎች ደግሞ አብዛኞቹ አያልቁም፤ «ምዕራፍ ሁለት በቅርቡ» ብለው ይሰወራሉ። ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን በረከት ሆኖልኛል። ያላለቀውን ማን ቀድሞ ይነግረኛል?

እኔን የሚጥመኝ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 የታየው የ«ዘ ሶፕራኖስ» ነው። ሰውየው ከሚስቱና ከልጁ ጋር ምግብ ቤት ተቀምጧል፤ በሩ ይከፈታል፣ ቀና ይላል፣ ስክሪኑ ድርግም! ብዙ አሜሪካዊ ኬብሉ የተቋረጠ መስሎት ደነገጠ። ቱሉ ዲምቱ ቢሆን ማን ይደነግጣል? «ሄደ» ይባልና ሻማ ይፈለጋል። እትዬም አንተን መታ መታ አድርገው «እናንተም ጋ ሄዷል?» ይላሉ፤ እኔም «ሄዷል እትዬ!» ብዬ አረጋጋቸዋለሁ። ይህን አገልግሎትህን አልክድም።

ልመናዬ አጭር ነው። የእትዬ ድራማ በመጪው እሑድ ያልቃል። ለቅሷቸውን እንደፈቀድክ አምጣው፤ የሟቹን ስም ግን ዋጠው። አልችልም ካልክ እኔም ዲሽ አስተክላለሁ፤ ያኔ ማን ለማን ቀድሞ እንደሚያረዳ እንተያያለን።

ከሰላምታ ጋር፣
በወዲህ በኩል ያለሁት ጎረቤትህ

ግልባጭ፦
ለጣሪያዬ (የላይኛው ፎቅ ሙቀጫ ጉዳይ ራሱን ችሎ ይጻፍልሃል)