ከሞት ጋር አታስታርቁን

የዘንድሮን ፋሲካ ያበላሸብኝ የዶሮ ዋጋ አይደለም። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለበዓሉ ብሎ ያቀረበው ውይይት ነው። እንግዳው «የባህልና የሃይማኖት ተመራማሪ» ተብለው ተዋወቁ። ከግርጌ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» የሚል ጽሑፍ እየተንሸራሸረ እሳቸው ከላይ ሆነው ሦስት ነገር ነገሩን። የትንሣኤ ታሪክ ከጥንታዊው የግብጽ አምላክ ከኦሲሪስ የተቀዳ ነው አሉ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን ሙታን ይነሣሉ ብሎ ቃል በቃል ማመን አያስፈልግም፣ ትንሣኤ የተስፋ ምሳሌ ነው አሉ። ሞት የሕይወት አንድ ክፍል ስለሆነ ትልቁ ጥበብ ከሱ ጋር መታረቅ ነው ብለው ደመደሙ። አዘጋጇ «በጣም ደስ የሚል እይታ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ዘፈን ሄድን።

እኔን ደስ አላለኝም። 55 ቀን የጾመ፣ ስቅለት ዕለት ጉልበቱ እስኪዝል የሰገደ፣ ቅዳሜ ሌሊቱን ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው፣ ገና ጾሙን ፈትቶ ቁጭ ከማለቱ «ያው ምሳሌ ነው እኮ» ይባላል? ለምሳሌ ብሎ 55 ቀን የሚጾም ማን ነው? ሐሙስ እህል የቀመሰ እስከ እሑድ ሌሊት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የሚያከፍለው ለተስፋ ምልክት ነው?

የሰውየው አለማመን አይደለም ያናደደኝ። ያላመነ «አላምንም» ይበል፤ እጁን ጨብጬው እሄዳለሁ። በዓሉን፣ ሰላምታውን፣ ቄጤማውን ሁሉ ይዞ እምነቱን ብቻ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ኦሲሪስ። ይቺ ወሬ ስንቴ ተቀብራ ስንቴ እንደተነሣች እንጃ። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከዩቲዩብ ብቅ ትላለች። ታሪኩን ግን ጨርሶ የሚያነበው የለም። በግብጾች ተረት ኦሲሪስን «ሴት» የሚባል ወንድሙ ገደለው፤ ሥጋውንም ቆራረጠው። ሚስቱ ኢሲስ ቁርጥራጩን ለቅማ ሰበሰበችው። ከዚያስ? ከዚያ ኦሲሪስ በታችኛው ዓለም የሙታን ንጉሥ ሆኖ ቀረ። ወደ ሕያዋን አልተመለሰም። በምድር ላይ ዙፋኑን የወረሰው ልጁ ሆረስ ነው። ይህ ሞትን ማሸነፍ ከሆነ መሸነፍ ምን ሊሆን ነው? ሰውየው ሞት ቤት ሹመት አገኘ እንጂ ከሞት ቤት አልወጣም። የክርስቲያኖቹ ወሬ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መቃብሩ ባዶ ነው ይላሉ። ከተማውን ይጠራሉ፣ ኢየሩሳሌም። አገረ ገዥውን ይጠራሉ፣ ጰንጤናዊው ጲላጦስ። ዛሬም በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም የዚያ ሮማዊ ሹም ስም አብሮ ይነሣል። «አልተደረገም» ብላችሁ ተከራከሩ፣ ያስኬዳል። «ተቀዳ» የሚለው ግን ሁለቱንም ታሪክ ያላነበበ ሰው ክርክር ነው።

ቀጥሎ «በ21ኛው ክፍለ ዘመን» የምትለዋ አለች። ሰው ክርክር ሲያጥረው የቀን መቁጠሪያ ያወጣል። የሞተ ሰው እንደማይነሣ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል እንዴ? የጥንት ሰዎች እኮ ከኛ የበለጠ ሬሳ ያውቁ ነበር፤ በእጃቸው አጥበው፣ በእጃቸው ገንዘው የሚቀብሩት እነሱ ናቸው። ከአይሁድ ወገን የሆኑት ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ይሉ ነበር። አቴናውያን ጳውሎስን እስከ ትንሣኤ ሙታን ድረስ በጨዋነት ሲያዳምጡት ቆዩ፤ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ግን አንዳንዶቹ አፌዙበት። ሴቶቹ ከመቃብሩ ሮጠው መጥተው ሲናገሩ ሐዋርያቱ ራሳቸው ቅዠት መስሏቸው አላመኗቸውም፤ ይህን የጻፈው ሉቃስ ነው። እንግዳችን አዲስ ብለው ያመጡልን ሐሳብ ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ነው።

ደግሞስ ለማን ነው የሚናገሩት? ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቂያማን ያምናሉ፤ ሙታን ከመቃብር ይነሣሉ ይላሉ። ስለ ስቅለቱ ያላቸው እምነት ሌላ ነው፣ እሱን ለራሳቸው እንተወው። በዚህ ጉዳይ ግን ሕዝበ ክርስቲያኑም ሕዝበ ሙስሊሙም ከስቱዲዮው ውጭ ነበር።

«ምሳሌ ነው» ለሚሉት የሚሆን መልስ ከስቅለቱ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ተጽፏል። እዚያም ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ጳውሎስ አላባበላቸውም። ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው፣ እምነታችሁም ከንቱ ናት አላቸው። በዚህች ሕይወት ብቻ ተስፋ ካደረግን ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች ነን አለ። ሙታን የማይነሡ ከሆነ «ነገ እንሞታለንና እንብላና እንጠጣ»። ተመልከቱ እንግዲህ። ጳውሎስ የሃይማኖቱን ህልውና በሙሉ አንድ መቃብር ላይ አስይዞ ነው የሚከራከረው። ዋናው መልእክቱ ነው ብሎ የሚሸሽበት ጓዳ አላስቀረም። እንግዳችን ግን ጓዳ ሠሩለት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ሆዴን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ከሞት ጋር ታረቁ። ማን ሽማግሌ አድርጎ ላካቸው? በዚህ አገር ከሞት ጋር ታርቆ የሚያውቅ ሰው አለ? ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሙሾ አውርደን፣ ደረት ደቅተን የምንቀብረው ታርቀን ነው? የ90 ዓመት አባቱን የቀበረ ሰው እንኳ «ዕድሜ ጠገበ» ሲሉት አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አይጽናናም። ፈረንጁ ራሱ አልታረቀም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 እርጅናን የሚመራመር ካሊኮ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ገንዘብ ያፈሰሰበት ሞትን ስለወደደው ነው?

የክርስትና መጽሐፍ ለሞት የሰጠው ስም ጠላት ነው። «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» ይላል። ጠላት ይሻራል፣ ይሸነፋል፤ ሽማግሌ አይላክበትም። የአልዓዛርን ነገር አስቡት። ጌታ ቢታንያ ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው ያውቃል። ቢሆንም አለቀሰ። ሞት የሕይወት አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ የሕይወት ባለቤት ምን ያስለቅሰዋል?

ይህን ሳስብ ሁሌም የሚመጣብኝ 2007 ዓ.ም. ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። በሳምንቱ እሑድ፣ ሚያዝያ 11፣ ያ የሊቢያ ቪዲዮ ወጣ። ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በአይሲስ እጅ ሲገደሉ አየን። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ቂርቆስ ሰፈር ልጆቿን ያወቀችው ከስልክ ስክሪን ላይ ነው። ያ እሑድ ደግሞ ዳግም ትንሣኤ ነበር። ቶማስ የሚታሰብበት ቀን ነው። «የችንካሩን ምልክት ካላየሁ፣ እጄን ከጎኑ ካላገባሁ አላምንም» ያለው ቶማስ። ለቶማስ የታየው ሥጋ ቁስሉን ይዞ የተነሣ ሥጋ ነው። ምስማሩ የገባበት ታይቷል። ጦሩ የወጋው ጎን ተዳስሷል።

እስቲ አሁን ለዚያች የቂርቆስ እናት የእንግዳችንን ትምህርት ንገሯት። «እማማ፣ ልጅዎ አይነሣም፤ ተስፋ ግን ይነሣል» በሏት። በሏታ! ተስፋ የሚባል ልጅ አልወለደችም። ልጇ ስም አለው፣ ሳቅ አለው፣ ከሰሃራ በፊት የላከላት የመጨረሻ የስልክ መልእክት ይኖራል። የምትፈልገው እሱን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሱኑ ነው ቃል የምትገባላት። ያው ልጅ፣ በዚያው ሥጋ፣ ቁስሉ የክብር ምልክት ሆኖ። ይህ እውነት ነው ወይስ ውሸት ነው ብላችሁ ልትጣሉ ትችላላችሁ። መሃል ላይ ቆሞ «ቆንጆ ምሳሌ ነው» ማለት ግን በሐዘንተኛ ላይ ማላገጥ ነው። ምሳሌ የሚበቃው ሐዘን ቤቱ ያልገባ ሰው ነው። ሙታን ካልተነሡ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ቢላ የያዘው ሰውዬ ነው፤ ፋይሉም ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ በየአቅጣጫው ስንቱን ቀበርን፤ የት እንደወደቀ ያልታወቀውስ ስንት ነው? መርዶ እንኳ በወጉ ያልተነገራቸው ቤቶች አሉ። ለነዚህ ሁሉ ነው ወይ ከሞት ጋር መታረቅ የሚሰበከው?

እሺ፣ አንድ ነገር ልስጣቸው። ወንጌላቱ በዝርዝሩ ይለያያሉ። ዮሐንስ በስም የሚጠራው መግደላዊት ማርያምን ብቻ ነው፤ ማርቆስ ሦስት ሴቶች ይጠራል። አንዱ ጋ አንድ መልአክ ነው፣ ሌላው ጋ ሁለት። ይህን አውቃለሁ፣ የንባቡ ተማሪዎችም ሁሉ ያውቁታል። ግን ተማክሮ የሚዋሽ ሰው ይህን ያህል ይዝረከረካል? ከሁሉም በላይ፣ ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው በዚያ ዘመን ምስክርነታቸው ከቁም ነገር የማይቆጠር ሴቶችን የመጀመሪያ ምስክር አድርጎ አያቆምም። ጴጥሮስን ነበር የሚያስቀድመው። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልሰጥም።

ጥፋቱን ሁሉ በቴሌቪዥኑ እንግዳ ላይ ከጣልኩ ግን አድላዊ እሆናለሁ። መንገዱን የጠረጉላቸው የራሳችን ሰዎች ናቸው። ለቅሶ ቤት መጥተው ማይክ የሚጨብጡትን ማለቴ ነው። እናት አፈር ላይ ተደፍታ እያለች «ክርስቲያን አያለቅስም» ይላሉ። የት ተጽፏል? ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ ነው። አትዘኑ አላለም። ሌሎቹ ደግሞ «ነፍሱ ገነት ገብታለች፣ አለቀ» ይሉናል። መቼ አለቀ? በኦርቶዶክስ ትምህርት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ከሥላሴ ጀምረው ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንን አልፈው የሚያርፉት ትንሣኤ ሙታን ላይ ነው። ጸሎተ ሃይማኖቱም የሚዘጋው «የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ብሎ ነው። የነፍስ ገነት መግባት ቆይታ ነው፤ ሥጋ ገና አልተነሣም፣ ጠላትም ገና ጨርሶ አልተሻረም። ይህን ዘለው ሰውን በግማሽ ትምህርት ሲያጽናኑት ኖረው፣ ዛሬ አንዱ መጥቶ ትንሣኤ ምሳሌ ነው ሲል ምእመኑ ጭንቅላቱን ቢነቀንቅ ምን ይገርማል? እነዚህ ሰባኪዎች ያን ቀን ቢታንያ ቢገኙ ኖሮ ጌታንም ትከሻውን መታ አድርገው «በርታ፣ እምነት ይኑርህ» ሳይሉት አይቀሩም ነበር።