ቅኔ አገር ተቀምጦ «ተማሪያችን ካልተነገረው አይገባውም» ማለት

ባሕር ዳር ያለ አንድ ኮሌጅ የኦንላይን ትምህርቱን አሻሻልኩ ብሏል። ማሻሻያው ምን መሰላችሁ? የውይይት መድረኩ ይዘጋል። የቡድን ሥራና ፕሮጀክት ይቀራል። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪው የተቀረጸ ሌክቸር ያያል፣ ፒዲኤፍ ያወርዳል፣ መጨረሻ ላይ የምርጫ ጥያቄ ይሠራል። ማርኩም በሙሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ውሳኔው ብቻውን ቢሆን አጉረምርሜ ባለፍኩት። ያንጨረጨረኝ ማብራሪያው ነው። ኃላፊው መድረክ ላይ ወጡና፣ ተማሪ እየሞከረና እየተከራከረ እውቀቱን ራሱ ይገነባል የሚለው ኮንስትራክቲቪዝም የፈረንጅ ቅንጦት ነው አሉ። የእኛ ተማሪ ሲነገረው ነው የሚገባው፤ ባህላችንም መምህር ሲናገር ማዳመጥ ነው አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ባህላችን? ጎጃም ላይ ቆሞ?

እስቲ ስለ ባህላችን እናውራ። ኃላፊው ባህል ሲሉ የታያቸው ሀሁ የሚለውና ዳዊት የሚደግመው ሕፃን ብቻ ነው መሰለኝ። እሱ በቃሉ ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን የአብነት ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል ያለው ማነው? ስመ ጥሮቹ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ እኮ ባሕር ማዶ አይደሉም።

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግስ ያጠናል፣ ሰዋስው ይማራል። ይሄ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ግን ቅኔውን ራሱ ነው የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚፈጥረው። ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። የሚጀምረው በአጭሩ ቅኔ በጉባኤ ቃና ነው፣ በሁለት ቤት፣ ማለትም በሁለት ስንኝ። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። ቤቱ አልመታም? ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም? እዚያው ይታረማል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጉባኤ ቃናው ሲቀናለት ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበማ ጓደኞቹ ፊት መቆሚያ ያጣል። የትናንቱንም ዛሬ መድገም ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ ሠርቶ ካልመጣ ተማረ አይባልም።

ደግሞ ሁሉንም የሚያርሙት የኔታ ብቻ አይደሉም። ገፋ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪውን ይሰማል፣ ያቃናል። ተማሪ ብቻውን የማይችለውን፣ በሚበልጠው ሰው እገዛ ግን የሚችለውን ነገር የሥነ ልቦና ሊቁ ሌቭ ቪጎትስኪ አጥንቶ ስም ሰጥቶታል፤ የቅርብ ዕድገት ክልል ይባላል። የኮንስትራክቲቪዝም አባቶች የሚባሉት ቪጎትስኪና ዣን ፒያዤ ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ያኔ ዋሸራ ቅኔ ያስቆጥር ነበር። ታዲያ ቅንጦቱ የማን ነው? ቁራሽ እንጀራ ለምኖ የሚያድር የቆሎ ተማሪ ሀብታም ሆኖ ነው እንዴ ራሱ እየፈጠረ የተማረው?

የለም፣ እኛ ሲነገረው የሚገባው ተማሪ የለንም። ሲነገረው ዝም የሚል ተማሪ ነው ያለን። ዝም ማለቱን እንደ መግባት የቆጠሩት ኃላፊው ናቸው።

ይልቅ ሲነገረው የተማረ ትውልድ ከፈለጉ ፕላዝማን ያስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የቴሌቪዥን ትምህርት ማለቴ ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር፣ በእንግሊዝኛ። መምህሩ መግቢያ ተናግሮ ጥግ ይቆማል፣ ሲያልቅ ማጠቃለያ ይሰጣል። መሀል ላይ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቆምለትም። ያንን አይተን፣ በዚያ ተምረን፣ ዛሬ ፕላዝማን ስልክ ውስጥ ከትተን «ዘመናዊ» እንበለው? ካጨበጨቡት ውስጥ ስንቶቹ የፕላዝማ ልጆች እንደሆኑ እንጃ።

የሚያስቀው ደግሞ ኮሌጁ የሚጠቀመው ሙድል የተባለውን የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር መሆኑ ነው። ሙድልን የጀመረው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። በልጅነቱ በረሃ ውስጥ ሆኖ ትምህርቱን በሬዲዮ የተከታተለ ሰው ነው፤ ርቀት ምን እንደሆነ ነግረውት አይደለም ያወቀው። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ የተሠራበት ሐሳብ፣ ሰው ከሌሎች ጋር አንድ ነገር ሲሠራ ይበልጥ ይማራል የሚል ነበር። ለዚያ ነው ፎረም፣ ዊኪ፣ ተማሪዎች አንዱ የአንዱን ሥራ የሚገመግሙበት ወርክሾፕ የተካተተበት። ፈረንጁ በነፃ ሰጠን። እኛ ፎረሙን ዘግተን የፒዲኤፍ መጋዘን አደረግነው። ለመጋዘንማ ቴሌግራም ቻናል ይበቃ ነበር።

ቪዲዮና ጥያቄ ብቻ የትም እንደማያደርስ ዓለም አይቶታል። የሃርቫርድና የኤምአይቲን ነፃ የኦንላይን ኮርሶች የተመለከተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017–18 ከተመዘገበው ሁሉ የጨረሰው 3 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን። እኔ አንዱን እወስዳለሁ፦ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ተማሪ ይጠፋል።

ኢንተርኔቱስ የሚል አይጠፋም። እኔም እዚሁ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቱ ትምህርቱን እንደተወ ረስተን አይደለም። ግን ሂሳቡን ገልብጠው ነው የያዙት። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ተማሪ የጻፈው ክርክር ኪሎባይት ነው። ኔትወርክ በመጣች ደቂቃ ይላካል፣ ቀስ ብሎ ይነበባል። ኔትወርክ የለም ብሎ ጽሑፉን ሰርዞ ቪዲዮ መጫን ምን ይሉታል?

እስቲ አንድ ኮርስ እንውሰድ፣ የአካባቢ ጥበቃ። ኮሌጁ ባሰበው መንገድ እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ መቼ ታየ ተብሎ ይጠየቃል፤ እ.ኤ.አ. 2011 የሚለው ይመረጣል፤ አለቀ። አሁን ደግሞ ተማሪዎቹ የት እንዳሉ አስቡ። አንዷ ዘጌ ናት። አንዱ ጎርጎራ፣ ሌላው ፎገራ፣ አንዱ ደቅ ደሴት። ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ክፍል ይህን አያገኝም፤ የኦንላይኑ ክፍል ግን ሐይቁን ዙሪያውን የሚያይ ዓይን አለው። እያንዳንዱ ከደጁ ያለውን ዳርቻ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ለምን ባሰበት? ዘጌ ላይስ ለምን እንደዚያ አልሆነም? የፎገራው ልጅ ከእርሻ ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያ ያነሳል። የጎርጎራው ነፋስ ወዴት እንደሚነዳው ዓሣ አስጋሪ ጠይቆ ይመጣል። ይከራከሩ። መምህሩ መሀል ገብቶ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ያስረዳ፤ ያኔ ማብራሪያው የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ይሄን ነው ቅንጦት ያሉት።

አንድ ነገር ልቀበል። የግሩፕ አሳይመንት አገራችን ውስጥ ስሙ ጠፍቷል። አንድ ለአምስት እየተባለ አንዱ ይሠራል፣ አምስት ስም ይጻፋል። ልክ ነው። ግን የምርጫ ጥያቄ መልስ ፈተናው ሳይጀመር ቴሌግራም ላይ የሚዞርበት አገርም ይኸው ነው። ኩረጃው ካሳሰባቸው፣ ለኮራጅ የሚቀለው የቱ ነው? «ሐ» ብሎ መላክ ወይስ ጎርጎራ ሄዶ ያልተነሳ ፎቶ መፍጠር?

የተማሩት ደጋፊዎቻቸው ደግሞ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጽሑፍ ያነሳሉ። ጀማሪ ያለ በቂ መሪ ሲለቀቅ አይማርም የሚለውን። እኔም እላለሁ። የኔታም ጀማሪውን ግስ ሳያስጠኑ ጫካ አይሰዱትም። ሰዎቹ የተቃወሙት ያለ መሪ መልቀቅን ነው። ኮሌጁ ያባረረው ግን መሪውን ራሱን ነው። የተቀረጸ ቪዲዮ አያርምም፣ የት እንደሳትክም አያይም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጉዳዩ ባህልም ፈረንጅም አይደለም። የተማሪ ሥራ ማንበብ ጊዜ ይፈጃል። ቪዲዮ አንዴ ከተቀረጸ ዓመት በመጣ ቁጥር ይሸጣል፤ አራሚ ግን በየወሩ ደሞዝ ይጠይቃል። ይሄ ከሆነ ይነገረን። ከፍተኛ ዓመት ላይ ያሉትን ጎበዞች በአስነጋሪነት ቀጥሮ፣ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ተማሪ ሰጥቶ፣ ከተማሪው ክፍያ ስንት ብር እንደሚወስድ ማስላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኃላፊው ያንን ሂሳብ ይዘው ይምጡና በብር እንከራከር።