«እህቴ፣ ከፍለሻል?»

እኔን እኮ ነው! ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት፣ ማርከሩን እንደ አለንጋ እያወዛወዘ፦ «እህቴ፣ ከፍለሻል?»

ለሚጡ ቻርጀር ላቀብል ነው የወጣሁት፣ ያለ ኮድ ጌም መሥራት ወደምትማርበት ክፍል። ያው የአራት ኪሎው ሕንፃ፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። የሚጡ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ካልተሰካ አይነሳም፤ ቻርጀሩን ግን ትረሳዋለች። በር ላይ ቆሜ በዓይኔ ስፈልጋት ከፊት ያለች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የኔ ሯጭ ለምን ይንፏቀቃል? ያንተ ይደርሳል፣ የኔ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል።»

መልሱን ስሙልኝ። «ኮምፒውተርሽ አርጅቷል፣ ቀይሪው።»

ክፍሉ በሳቅ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ቀይሪው! እንደ ካልሲ! ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ላፕቶፕ ዋጋ ጠይቆ ያውቃል ይሄ ሰውዬ?

ደግሞ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። የራሱ ነው፣ ቦርዱ ላይ በትልቁ ጽፎታል፦ «የቀኝ ቁልፍ ሲጫን፣ ኤክስ ላይ 5 ጨምር»፣ ሯጩ 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ወደ ቀኝ ይሂድ ማለት ነው። ጂዲቨሎፕ (ጌሙን የሚሠሩበት ፕሮግራም) ኢቨንቶቹን፣ «ይህ ሲሆን ያ ይሁን» የሚሉትን ትእዛዞች፣ በየፍሬሙ (ስክሪኑ በተሳለ ቁጥር) ከላይ እስከ ታች ያነባቸዋል። የሱ ማሽን በሰከንድ 60 ፍሬም ይስላል፤ 5 በ60 ሲባዛ በሰከንድ 300 ፒክስል። የልጅቷ 30 ከሳለ 150። መንገዱ 3000 ፒክስል ነው፤ የሱ ሯጭ በ10 ሰከንድ ይገባል፣ የሷ 20 ይፈጅበታል። ታይመሩ ግን ፍሬም አያውቅም፣ እውነተኛ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው፣ የተሰጠውም 15 ነው። ልጅቷ ጣቷ እስኪላጥ ብትጫን አታሸንፍም! መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ በ5 ፋንታ 300 ሲባዛ በታይምዴልታ (ከኋላው ባዶ ቅንፍ እንዳይረሳ)። ካለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈውን ጊዜ በሰከንድ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ፈጣኑም ቀርፋፋውም ማሽን እኩል ይሮጣል። ወይ ደግሞ ፎርስ (ሯጩን የሚገፋ ትእዛዝ) መጠቀም፣ እሱ ድሮም የሚሰላው በሰከንድ ነው።

ይህችኑ ነው በትሕትና ያልኳት። «ይቅርታ፣ በፍሬም ስለተቆጠረ ይመስለኛል፣ በታይምዴልታ ቢባዛ...»

«እሱ ኮድ ነው። እኛ የምናስተምረው ያለ ኮድ ነው።»

«ኮድ አይደለም፣ ማባዛት ነው።»

«እህቴ፣ ከፍለሻል?»

አቤት አቤት። ከፍያለሁ እኮ! ለሚጡ ማን የከፈለ መሰለው? ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ እማዬ ፌስቡክ ከፍታለች። የሚያናድደው ግን ይሄ መልስ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያማ «አይ... ቻርጀር ነው» ብዬ ገመዱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ገመድ! ሚጡ ጠረጴዛ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት።

ቆይ ግን፣ «ያለ ኮድ» ሲባል ያለ ማሰብ ነው ያላቸው ማነው? የተቦካ ሊጥ ገዝታ የምትጋግር ሴት ምጣድ ማሰስ ይቀርላታል? ሴሚኮለን (ኮድ ሲጻፍ መስመር መዝጊያዋ ምልክት) ነው የቀረላችሁ፣ ሴሚኮለን! ቅደም ተከተሉ፣ ሒሳቡ፣ «ይህ ሲሆን ያ ይሁን» የሚለው አለ እኮ። የተዘለለ እንደሆነ የሚመጣውን ሚጡ በየማታው ቤት ይዛው ትመጣለች። ያን ቀን፣ ሕይወት 0 ሲሆን የመሸነፊያውን ድምፅ አሰማ ተብለው ነበር። 0 ከሆነ ደግሞ 0 እንደሆነ ይቀራል፣ ስለዚህ በሰከንድ 60 ጊዜ «ድምፅ አሰማ»። ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆነ፣ ጎረቤት አንኳኳ። ትሪገር ዋንስ የምትባል፣ «አንዴ ብቻ» የምትል ኮንዲሽን መጨመር ነበር፣ በቃ። ነጥቡስ? ሁለተኛው ሲን (የጌሙ ክፍል) ላይ ሲገቡ 0 ይሆናል፣ የሲን ቫሪያብል (ቁጥሩ የሚቀመጥበት) ከሲኑ ጋር ይሞታላ። ግሎባል፣ ለጌሙ ሁሉ የሚቆይ፣ አድርጉት። ይሄን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አንዱ ምስኪን ደግሞ የሳምንት ሥራውን በፍላሽ ይዞ ሄደ፣ ጌም ዶት ጄሰን የምትለዋን ፋይል ብቻ። እሷ ውስጥ ያለው ኢቨንቱና የሥዕሎቹ አድራሻ ነው፣ ሥዕሎቹ አይደሉም። ሲከፍተው ባዶ። ፎልደሩን ሙሉውን ገልብጡ በሉ፣ ማንም አላለም!

ባክግራውንድ በስልክ አንስታችሁ ክተቱ ይላቸዋል። ፎቶው ዲስክ ላይ 3 ሜጋባይት ይላል፣ ልጆቹም ትንሽ ነው ብለው ያምናሉ። ጌሙ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይወስዳል፤ 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 48 ሜጋባይት ሚሞሪ በላ ማለት ነው። አምስት ደረጃ፣ አምስት ፎቶ፣ 240። ከዚያ «ኮምፒውተርሽ አርጅቷል»! 1280 በ720 አድርጎ ማሳነስ ነው፣ ወደ 3.7 ይወርዳል።

ፊደላችንንማ አታንሱብኝ። ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞን በጌም ሊሠሩ (ለመጀመሪያ የሚሆን ምርጥ ሐሳብ፣ ሳጥን፣ ቁጥር፣ ዝላይ፣ አለቀ) የቀናቱን ስም በአማርኛ ጻፉ፤ ምንም አልወጣም። ቢትማፕ ፎንት ነው የሰጣቸው። ቢትማፕ ፎንት ሥዕል ነው፣ የተሳለበትን ፊደል እንጂ ሌላ አያውቅም፤ የሱ ላይ የተሳለው ላቲን ብቻ ነው። እኛ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231፣ ዲቃላው ሳይቆጠር። ተራውን ቴክስት ወስዶ የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም የአቢሲኒካን የፎንት ፋይል መጫን ነው፣ ሁለቱም ነጻ። እሱ ምን አለ? «በእንግሊዝኛ ጻፉት።» አራት ኪሎ ላይ ቆሞ! ሰኞን! በእንግሊዝኛ!

ማስታወቂያው ትዝ ሲለኝ ደግሞ እንደገና ጨስኩ። «በ2 ሳምንት ጌምዎን ፕሌይ ስቶር ላይ!» አሁን አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት 12 ሞካሪ ለ14 ተከታታይ ቀን ማስሞከር አለበት። 14 ቀን! ኮርሱ አልቆ ነው! ጌሙን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሠርተው ሊጨርሱ ነው? የመመዝገቢያው 25 ዶላርስ በየትኛው ካርድ? ለዌብ ኤክስፖርት አድርጎ፣ ዚፕ አድርጎ ኢች ዶት አይኦ (ጌም የሚጫንበት ድረ ገጽ) ላይ በነጻ መጫን እያለ። ኢንዴክስ የሚለው ፋይል ዚፑ ውስጥ በሌላ ፎልደር እንዳይደበቅ ብቻ።

ጂዲቨሎፕ ራሱ እኮ ነጻ ነው። አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለትናንሾቹ ስክራች የሚባል የጌም መሥሪያ አለ፣ እሱም ነጻ፣ አማርኛም አለው። እሱም የራሱ አመል አለበት፤ ከ300 በላይ ክሎን (ቅጂ) አይፈጥርም፣ ጥይቱን ጠርዝ ሲነካ ካልሰረዙት መሃል ላይ ተኩሱ ይቆምና ልጁ ተበላሸ ብሎ ያለቅሳል። ቢያንስ ግን «ከፍለሃል?» የሚለው የለም።

ልጅቷን በኋላ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ 5ቷን ራሷ አጠፋች፣ 300 ሲባዛ አለች፣ ሯጩ በ10 ሰከንድ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክረው ተውኳትና ወረድኩ። ላስተማሪው ትነግረው እንደሆነ እንጃ፣ ቢነግሩትም ያው ነው፤ ነገ ቦርዱ ላይ 5 ይጽፋል።

ሚጡ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ ነገ ቻርጀሩን ብትረሺ እኔ አላቀብልም። 4 ፎቅ ነው። ... በሩ ድረስ አመጣለሁ፣ አልገባም።