ውዳሴ ለሞላ ቀያሪው

ኢላማ ስቶ «እጄ ነው» የሚል ተኳሽ አልወድም። ለማንም አይጠቅምም። ራሱን ይወቅሳል፣ ቤቱ ገብቶ ይለማመዳል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመታል። በዚህ ሁሉ መሃል ከኪሱ አንዲት ዶላር አልወጣችም። ሁሉም እንደሱ ቢሆን መለዋወጫ ሻጩ ልጆቹን በምን ያሳድጋል?

ደግነቱ ኢንጂነር አለልን።

ኢንጂነር የምንለው የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን ኢላማ የምንተኩስ አምስት ሐበሾች አለን። አራታችን ጥይት ይዘን እንመጣለን። እሱ ካቻቪቴ ይዞ ይመጣል።

ሽጉጡ ባለ 22 ነው። ያቺን ትንሿን፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1887 ጀምሮ ያለችውን ጥይት ነው የሚጎርሰው። ሩገር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራሱ በ1949 ገበያ የገባው ለዚህችው ጥይት በሠራው ሽጉጥ ነው፤ ያኔ ዋጋው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። የዚያ ሽጉጥ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም በየተኩስ ቦታው አሉ። የኢንጂነርም ከነሱ አንዱ ነው፤ ማርክ 2 የሚባለው፣ ያገለገለ፣ ግን በደንብ የተያዘ።

የገዛው ሰሞን አብሬው ነበርኩ። ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፎ 25 ያርድ ላይ አሥር ጥይት ተኮሰ። ወረቀቱን ስናመጣው አሥሩም ቀዳዳ በቡና ሲኒ አፍ ይሸፈናል። ከዚያ ከረጢቱን ተወና ቆሞ፣ በአንድ እጁ፣ እንደ ደንቡ ተኮሰ። አሥሩ ጥይት አሥር ቦታ ሄደ። ሁለቱ የጎረቤት ወረቀት ጎበኙ።

ተራ ሰው ቢሆን «ከረጢት ላይ የመታ ሽጉጥ እጅ ላይ ሲሆን የሳተው ምን ተቀይሮ ነው?» ብሎ ያስባል። ኢንጂነር ተራ ሰው አይደለም። ካዝናውን አወጣ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፣ ከዚያም ምላጩን በጥርጣሬ ዓይን አየው።

«ይሄ ምላጭ ይከብዳል» አለ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል ለስድብ ይመስላችኋል አይደል? እኔ ምክር ነው ባይ ነኝ። አህያ ይራገጣል። ዳውላ አይራገጥም። በዚያ ላይ ዳውላ በኢንተርኔት ይታዘዛል፣ በሁለት ቀን በር ላይ ይደርሳል።

ምላጩ መጣ። ቀዩ፣ የሚያብረቀርቀው። ከሱ ጋር አዲስ መዶሻና አዲስ ሞላ አብረው መጡ። በዓለም አቀፍ ውድድር የ25 ሜትር ሽጉጥ ምላጭ ቢያንስ 1000 ግራም መቋቋም አለበት፤ ዳኞቹ የአንድ ኪሎ ክብደት አንጠልጥለውበት ነው የሚያረጋግጡት። የኢንጂነር ምላጭ እንኳን ኪሎ፣ ሐሳብም አይችል። «ገና ሳልነካው እኮ ነው የተኮሰው!» ይለናል በኩራት። እኛ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

ይህን ሁሉ የገጠመው ቤቱ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የድሮዎቹን ማርኮች መፍታት ይቀላል፤ መግጠም ግን ሌላ ነገር ነው። መዶሻው ላይ የምትንጠለጠል ቀጭን ዘንግ አለች። ሽጉጡን ወደ ላይ ወደ ታች እያዘነበሉ እሷን በትክክለኛ ቦታዋ ካላሳረፏት እጀታው ውስጥ ያለው ክዳን አይዘጋም። ኩባንያው በ2016 ባወጣው ማርክ 4 አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ተከፍቶ እንዲገለጥ አድርጎ ሰዉን ገላግሎታል። ኢንጂነር አዲሱን ለምን አልገዛህም ሲባል «ደስታው የት አለ?» ይላል። በዚያ ማታ ደስታው እስከ ሰባት ሰዓት ቆየ። የእስክሪብቶ ሞላ ግማሽ የምታክል ሞላ ከጣቱ አምልጣ ጣሪያ መታች። ባለቤቱ ከመኝታ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የፈነዳው?» አለች። «ምንም አልፈነዳ፣ ተኚ» አላት፤ በአራት እግሩ ፍሪጅ ሥር እየዳኸ። ሞላዋ በሦስተኛው ሳምንት ከሽንኩርት ቅርጫት ተገኘች። ያኔ ግን የሷ ዓይነት ስድስት ታዘው መጥተዋል። «መጠባበቂያ» ይባላሉ።

አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ሞራ አስነክተው በጨርቅ ይወለውሉታል፣ ከግድግዳው ይሰቅሉታል፣ አለቀ። «ሞላውን ቀይረውት ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ምን ሆነና?» አሉኝ። ኋላ ቀርነት ይሉሃል ይሄ ነው።

ከምላጩ በኋላ ማነጣጠሪያው ተከሰሰ። ከመካከላችን አንዱ፣ ክፉ ሰው፣ በስልኩ አስልቶ አሳየው። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መሃል ያለው ርቀት ሃያ ሴንቲ ግድም ነው። ፊተኛው በአንዲት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ 25 ሜትር ላይ ሲደርስ ስህተቱ 12 ሴንቲ ተኩል ይሆናል። የአሥር ቁጥሯ ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ናት። እንግዲህ ጉዳዩ የአንዲት ሚሊ ሜትር የእጅ ጉዳይ ነው። ኢንጂነር ስሌቱን አደነቀ። የሒሳብ ሰው ነዋ። ማታውን ሬድ ዶት የሚባለውን፣ ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ማነጣጠሪያ አዘዘ።

አሁን ቀይዋ ነጥብ የእጁን መንቀጥቀጥ በቀለም ታሳየዋለች። ወረቀቱ ላይ እስክስታ ትመታለች። «ባትሪዋ ይሆን እንዴ?» ይላል።

አንዴ ላበሳጨው ብዬ ቱርካዊውን ዩሱፍ ዲኬችን አነሳሁበት። ያ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በተለመደ መነጽሩ፣ ያለ ዓይን መሸፈኛ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ የታየው። መሣሪያው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ነበር፤ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን ብር ወሰደ። ኢንጂነር ዓይኑን አጥብቦ አየኝና «ብር አይደል?» አለኝ። «አየህ፣ ዕቃው ቢሟላለት ወርቅ ነበር።»

ምን ይመለሳል ለዚህ?

የዋልነት እንጨት መያዣውን፣ አፈሙዝ ላይ የሚጠለቀውን፣ የካዝና ቁልፍ ማስረዘሚያውን ልዝለላቸው። መጥተዋል፣ ተገጥመዋል፣ ፎቶ ተነስተዋል። ሞላው ላይ ግን ቆም ልበል። ምክንያቱም ሽጉጡ በትክክል መበላሸት የጀመረው ያኔ ነው።

የ22 ሽጉጥ አሠራሩ የዋህ ነው። ጥይቷ ስትተኮስ በራሷ ጉልበት ከኋላዋ ያለውን ብረት ወደ ኋላ ትገፋዋለች፤ ብረቱ ባዶ ቀለሃውን ይዞ ይወጣል፤ ሞላው ደግሞ መልሶ ይገፋውና አዲስ ጥይት ያጎርሳል። የጥይቷ ጉልበትና የሞላው ጥንካሬ ተመዛዝነው ነው የተሠሩት። ሞላው ከጠነከረ ብረቱ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይመለሳል፤ ቀለሃው አፉ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ሞላው ከላላ ብረቱ ወደ ኋላ እየሄደ ያለ ርኅራኄ ይጋጫል። ኢንጂነር ጠንካራውን ገዛ። ሽጉጡ በየሦስተኛው ጥይት ያንቀው ጀመር። ላላ ያለውን ገዛ። አሁንም ያንቀዋል። አዲስ አበባ «እስቲ ይሄንንም ቀይረን እንየው» የሚል መካኒክ የገጠመው ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ መካኒኩም ባለ መኪናውም አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጥይቷ ከሸፈች። ኢንጂነር ምላጩን ሳበ፣ ጠቅ አለ፣ አልተኮሰም። አፈሙዙ ግን ልክ የፈነዳ ይመስል ወደ መሬት ጎንበስ አለ። ውሃ እንደሚቀዳ ሰው። አምስታችንም አየነው። ድምፁን ገና ሳይሰማ ነው የሚደነግጠው ማለት ነው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ጥይቷ ስትተኮስ በግርግሩ አይታይም እንጂ። እንደ ደንቡ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርጎ ትንሽ ጠበቀ፣ ጥይቷን አወጣ። ሁላችንም ዝም አልን። እሱም ዝም ብሎ ቆየና፦

«አያችሁ? የፊቱ ከበደ። ሚዛኑ ልክ አይደለም» አለ።

በማግስቱ ቀለል ያለ አፈሙዝ ያላቸውን ሲያማርጥ ዋለ።

አጠገባችን ሁሌ የሚተኩሱ አዛውንት ፈረንጅ አሉ። ሽጉጣቸው እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ነው። ሽጉጡ ሲያንቀው ሲሰሙ አንድ ቀን አላስቻላቸውም፤ ልየው ብለው ጠየቁ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩ። ከሸሚዛቸው ኪስ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጡ። የዚህች ጥይት እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ሰም የተቀባ ነው፤ ሰሙና ያልተቃጠለው ባሩድ ተቀላቅሎ ቀለሃውን ጎትታ በምታወጣው መንጠቆ ሥር ይጋገራል። እሷ ከታፈነች ቀለሃውን ከየት ትይዘዋለች? ፈገፈጉት። የጀበና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ተቆርሶ ወደቀ። አፈሙዙን አልነኩትም። «እሱን ተወው፤ በተለይ ከአፉ በኩል ብረት እየከተትክ ጠርዙን እንዳትፍቀው» ብለው ብቻ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ፓኮ ጥይት ተኮስን። ሃምሳውም አላነቀው።

ኢንጂነር አመሰገናቸው፤ ቤቱ ሄዶም አሰበበት። ማክሰኞ ደወለልኝ። «ቆሻሻ የሚሰበስብ ከሆነ መንጠቆዋ ዲዛይኗ ችግር አለበት» አለኝ። ሌላ መንጠቆ አዟል። የጥርስ ብሩሽስ አልኩት። «እሱ ለጥርስ ነው» አለኝ።

ባለፈው እሁድ ቡና ጠጣ ብሎ ጠራኝ። ከቁም ሳጥን ላይ ሰማያዊዋን የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ፤ ያቺን በየቤታችን መርፌና ክር የምትይዘውን። ከፈታት። የመጀመሪያው ምላጭ፣ የመጀመሪያው መዶሻ፣ ሞላዎቹ፣ ማነጣጠሪያዎቹ፣ መንጠቆዋ፣ ጥይት መምቻዋ መርፌ፣ ሁሉም በየላስቲኩ። እጀታውም ከነሙሉ አካሉ ተቀይሮ ነበርና አሮጌው በፎጣ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ቁጠረው» አለኝ። «ሙሉ ሽጉጥ ነው። የጎደለው ላይኛው ቀፎ ከነአፈሙዙ ብቻ ነው።»

ይሄ ሽጉጥ መለያ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ቀፎ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሽጉጥ ማለትም እሱ ነው፤ ቅጽ ተሞልቶ፣ ማንነት ተጣርቶ ከሱቅ የሚወሰደው። ሌላው ሁሉ እንደ ጫማ በፖስታ ይመጣል። የጎደለው ሽጉጡ ነው ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ።

«ልገዛለት ነው» አለ። «ይሄ ሁሉ ዕቃ እንዲሁ ከሚባክን።»

«ያኛውስ?»

አዲስ የለበሰውን ሽጉጥ በቅሬታ አየውና ቡናውን ፉት አለ።

«እሱማ እምቢ አለ። የድሮው ግን ትዝ ይልሃል? ከረጢት ላይ? አሥሩም በሲኒ አፍ!»