ሰውና ባቡር እንዳይገናኙ ለደከማችሁልን

እንኳን ደስ አላችሁ፤ የሕንጻ ማስታወቂያ ሰሌዳው ተቀየረ። የቱ ሰሌዳ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በየባቡር ጣቢያው ሥር አንድ አንድ ስላለ የየራሳችሁን አስቡ። ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲጠጣ የኖረው፣ ሕንጻው ደብዝዞ «በቅርብ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ብቻ የቀረው። ባለፈው ሳምንት ወረደና አዲስ ተሰቀለ። በአሮጌው ላይ ሕንጻው 12 ፎቅ ነበር፤ በአዲሱ 30 ደርሷል። መሬቱ ላይ አንዲት ብሎኬት አልተቀመጠችም። ሳይጀመር 18 ፎቅ ያደገ ሕንጻ በየትኛው አገር አይታችኋል?

ሌላው ዓለም ባቡር በዘረጋ ቁጥር ያው አንድ ነገር ነው የሚያደርገው። የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ በጣቢያው ዙሪያ ቤት ይብዛ፣ ፎቁ ከፍ ይበል፣ ከታች ሱቅ ይኑር፣ ሰው ከደጁ ወጥቶ በእግሩ ይሳፈር ብሎ ይወስናል። ምን ዓይነት የሐሳብ ድህነት ነው! የእኛዎቹ የከተማ ሹማምንት ግን ጥበብ አላቸው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በ34 ኪሎ ሜትር ላይ 39 ጣቢያ ነበረው። ወጪው ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው በቻይና ብድር። ሰነፍ ሰው ቢሆን ቤቱን በ39ኙ ጣቢያ ዙሪያ ደርድሮት ይተኛ ነበር። እናንተ ግን ከከተማው ዳር ለኮዬ ፈጬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለየካ አባዶ፣ ለቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አወጣችሁ። ሀዲዱ ቃሊቲ ላይ ሲያበቃ ቤቱ ከቃሊቲ ማዶ ይጀምራል። አያት ላይ ሲያበቃ ከአያት ማዶ ይጀምራል። በሁለቱም ጫፍ እንዲህ አሳምሮ መሳት የአጋጣሚ ሥራ አይደለም፤ ጥናት ይጠይቃል።

አባቶቻችን ይህን አልቻሉበትም ነበር። የድሮው የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም መጥቶ የቆመበት ሜዳ ላይ ሰዉ ተንጋግቶ ሰፈረና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አወጣ። በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስም የለገሃርን ጣቢያ ሆቴሉ፣ ሱቁ፣ ቡና ቤቱ ዙሪያውን ከበበው። ያለ አማካሪ፣ ያለ ስላይድ፣ ያለ የሻይ ዕረፍት! ደግነቱ የጅቡቲው አዲስ ባቡር ሲሠራ ስህተቱ ታረመ፤ ጣቢያዎቹ ከከተማው ወጣ እንዲሉ ተደረገ። ዛሬ ፉሪ ለቡ ሄዶ ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ታክሲ መሳፈር ያስፈልጋል። ድሬዳዋም እንደዚያው።

እንከን የሆነችብን ልደታ ብቻ ናት። ኮንዶሚኒየሙ ቀድሞ ተሠራ፣ ባቡሩ ኋላ መጥቶ አጠገቡ አለፈ። አሁን እማማ ከፎቃቸው ወርደው፣ ሽንኩርት ገዝተው፣ በእግራቸው ጣቢያ ይደርሳሉ። «አስበንበት አይደለም» ብላችሁ ብታስተባብሉ አምናችኋለሁ።

ወደ ቆርቆሮዬ ልመለስ፤ አልጠገብኩትም። የአዲሱን ሰሌዳ ስሪዲ ቆሜ በደንብ አየሁት። በሥዕሉ ውስጥ ሴትዮዋ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋ ውሻ ይዛ ትሄዳለች። ሰውዬው ፀጉሩ ወርቃማ ነው። ዘንባባ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ የመኪና ማቆሚያው ብቻ አራት ፎቅ ነው። ጣሪያው ላይ ሄሊኮፕተር ማረፊያ አለ። ሰፈራችንን የማውቀው ስለመሰለኝ ባቡሩን ፈለግኩት። የለም! ጣቢያው የለም፣ ሀዲዱ የለም፣ ምሰሶው የለም። ሀዲዱ ባለበት ቦታ ላይ ነው ፏፏቴው የሚፈልቀው። በስንት ብድር የተዘረጋውን መስመር አንድ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አጥፍቶ ውኃ አድርጎታል። ነዋሪው ወደ ሥራ የሚሄደው በሄሊኮፕተር ይሆናል ማለት ነው፤ ተመልሶ ደግሞ በውሻው።

በቆርቆሮው ቀዳዳ ስታዩ ሌላ ዓለም አለ። ዘበኛው ጎመን ዘርቷል። ከጎመኑ ወዲያ ድንች፣ ከድንቹ ወዲያ ሁለት በጎች፣ ከበጎቹ ወዲያ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ማታ ማታ ጎመኑን ጠቅልሎ ጣቢያው ደረጃ ሥር ለተሳፋሪ ይሸጣል። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ በባቡርና በአውቶቡስ መስመሮች ዳር ጥግግት ያለው፣ መኖሪያና ንግድ የተቀየጠበት ግንባታ ይኑር ይላል። እኔ እስካየሁት ድረስ በዚህ ጣቢያ ዙሪያ ፕላኑን እየፈጸመ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው። እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ይነግዳል። በጎቹም አሉ።

የጊዜ ገደብስ? አለ እንጂ! አዋጅ 721/2004 በሊዝ መሬት የወሰደ ሰው ግንባታ የሚጀምርበትን ጊዜ ይወስንለታል። ያ ጊዜ ሲደርስ ማራዘሚያ ይጻፋል። ማራዘሚያው ሲያልቅ ሰሌዳ ይቀየራል።

ይህ ስንፍና አይደለም፤ ንግድ ነው። በሕዝብ ዕዳ ባቡር ሲመጣለት የመሬቱ ዋጋ ይወጣል፣ ባለ ሊዙ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ግቢ የተነሳችው ሴት ደግሞ አሁን ከኮዬ ፈጬ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ሰልፍ፣ ታክሲ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ። ልጇን ተኝቶ ትታው ትሄዳለች፣ ተኝቶ ታገኘዋለች። «ለልማት» ብላችሁ ነው ያነሳችኋት። የታለ? ቤቷ የነበረበት ቦታ ጎመን በቅሎበታል! አታፍሩም?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ከጣቢያው ጀርባ ያሉትን ባለ ቪላዎች ረስቼ ነበር። በውይይት መድረኩ ላይ ክራቫት አድርገው ቀድመው የሚነሱት እነሱ ናቸው፤ «ፎቅ ከተሠራ ፀሐይ ይጋርድብናል፣ የሰፈሩ ጸጥታ ይታወካል፣ ሰው ይበዛል»። በየግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ስምንት ተከራይ በአንድ መጸዳጃ ቤት አለ። ያ ጥግግት አይባልም፤ በየወሩ መጀመሪያ የሚሰበሰብ ነገር ነው። አማካሪው የሲንጋፖርን ፎቶ ያሳያል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ አበል ተፈርሞ ይወጣል።

ሰሞኑን ደግሞ አንዳንድ የዋሆች ሀዲዱ ይቀጠልና ኮንዶሚኒየሞቹ ድረስ ይሂድ ሲሉ ሰማሁ። አትደናገጡ። ተበላሽተው ከቆሙት ባቡሮች መካከል የሚነሳ ተገኝቶ፣ መስመሩም ተቀጥሎ አንድ ቀን ኮዬ ፈጬ ቢደርስ እንኳ፣ ጣቢያ አጠገብ የተገኘን ሰው ለልማት ማንሳት ከእናንተ በላይ የሚያውቅበት የለም።