ክርክር፦ ጎረቤት ያሻገረው ፓኬት ይከፈልበት?

ለክርክሩ የተያዘው ጉዳይ ይህ ነው። ኮዬ ፈጬ ውስጥ በሰልፍ የቆሙ ስድስት ብሎኮች በነዋሪዎች ማህበራቸው በኩል አንድ ባለ 50 ሜጋቢት የፋይበር መስመር አስገብተዋል እንበል። ፋይበሩ የሚደርሰው አንደኛው ብሎክ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ ራውተሮች በዋይፋይ ይቀባበሉታል፤ መሀል ላይ ሁሉን የሚያዝ አንቴና የለም፣ ማንኛውም ራውተር የሌላውን ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበትን ጥቅል) ያሻግራል። ኢንተርኔት ማከፋፈል በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ፈቃዱም የአቅራቢው ስምምነትም ተገኝቷል ብለን እንነሳ። ቤቶቹ በተጠቀሙበት ልክ ይክፈሉ? ላሻገረውስ ይከፈለው? ወይስ ሁሉም ወር በገባ ቁጥር እኩል አዋጥቶ ይረፍ?

ይቆጠር ባይ፦ ቁርጥ ክፍያ የሚያምረው ሰው ሁሉ እኩል ሲጠቀም ነው። በአንድ የመብራት ቆጣሪ ስድስት ተከራይ የሚኖርበትን ግቢ የሚያውቅ ነገሩ አይጠፋውም፤ በአምፖል ብዛት የተደለደለ ሂሳብ አንዷ ቤት ምጣድ የገባ ቀን ይፈርሳል። እዚህም አንዱ ቴሌግራም ይከፍታል፣ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ያወርዳል።

ከዚያ የሚብሰው የማሻገሩ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ብሎክ ላይ ያለው ራውተር የአራት ብሎክ ጭነት ይሸከማል። ባለቤቱ “ምን አገባኝ” ቢል ማሻገሩን ለማጥፋት ብዙ አይደክምም። ኔትወርኩ በኦኤልኤስአር (ራውተሮች መንገድ በሚጠቋቆሙበት ደንብ) የሚሠራ ከሆነ አንድ የፋየርዎል ትዕዛዝ ይበቃዋል፤ የመንገድ መልእክቶቹን በዩዲፒ ፖርት 698 እንደ ወትሮው እየላከ የሰውን ዳታ ግን ይጥላል። ጎረቤቶቹ መንገዱ ደህና ነው ብለው መላካቸውን ይቀጥላሉ፣ ፓኬቱ እዚያው ይቀራል።

ለዚህ መላ ከተፈለገ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሌቬንቴ ቡትያን እና ዣን ፒየር ኡቦ ከሎዛን ፖሊቴክኒክ “ነግሌት” የሚል የኔትወርክ ውስጥ ገንዘብ አቀረቡ። የራሱን ፓኬት የሚልክ መሣሪያ በመሀል ባሉት አሻጋሪዎች ቁጥር ልክ ነግሌት ይቀነስበታል፤ የሌላውን ያሻገረ በእያንዳንዱ ፓኬት አንድ ይጨመርለታል። ሒሳቡ ላይ የሌለው አይልክም። ስስታም ራሱን ይቀጣል ማለት ነው።

አይቆጠር ባይ፦ እህቴ፣ ያመጡት ነግሌት ራሱ እዚህ ሰፈር አይሠራም። የተወለደው በእጅ ለሚያዝ፣ በባትሪ ለሚሠራና እርስ በርሱ ለሚላላክ መሣሪያ ነው። የእኛዎቹ ብሎኮች እርስ በርስ አይላላኩም፤ ሁሉም ፋይበሩ ወዳለበት ወደ አንዱ መውጫ ነው የሚሄዱት። ስድስተኛው ብሎክ ጫፍ ላይ ነው፤ በእሱ በኩል አልፎ የሚሄድ ስለሌለ አሻግሮ የሚያገኛት አንዲት ነግሌት የለችም። የሚልከው እያንዳንዱ ፓኬት ግን አራት ያስቆርጠዋል። ቆጣሪው ባዶ ሲሆን ዝም ይላል። ሁለተኛው ብሎክ ደግሞ ጨርሶ የማይጠቀምበት ነግሌት ይከመርለታል። ስስታሙን እንቀጣለን ብለን በአቀማመጡ ምክንያት ብቻ የሩቁን ሰው ቀጣን።

ሁለተኛ፣ ቆጣሪው ባለቤቱ ሊነካው በማይችል ቺፕ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ደራሲዎቹም ይህንኑ ነው የጠየቁት። ከገበያ የምንገዛው ራውተር እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነጻ የራውተር ሶፍትዌር የጫነ ሰው ቆጣሪውን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ የፈለገውን ቁጥር ይጽፍበታል።

ሦስተኛ፣ ማሻገር ምን ያህል ያስወጣል? 6 ዋት የሚበላ ራውተር በወር 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ አሻገረም አላሻገረም ልዩነቱ ኢምንት ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይጨመርለት ካሉኝ እስማማለሁ፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም መብራት ሲጠፋ ሰባት ሰዓት ያቆየዋል። ይህ ሁሉ ግን አንዴ ተሰልቶ ከመዋጮው የሚቀነስ ቋሚ ወጪ ነው። በፓኬት የሚቆጠር ነገር የለበትም።

ይቆጠር ባይ፦ የመብራቱን ሂሳብ ተቀብያለሁ ወንድሜ፤ ግን የሚያልቀው መብራት ሳይሆን አየር፣ ማለትም የሬዲዮው ጊዜ ነው። ራውተሮቹ ሁሉ በአንድ ቻናል (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ ካሉ አንዱ ሲናገር የሚሰማው ሁሉ ዝም ይላል። መጀመሪያው ቅብብል ላይ 40 ሜጋቢት የነበረው ሁለተኛው ላይ ወደ 20፣ ሦስተኛው ላይ ወደ 13 ይወርዳል። ፍጥነቱም አለ። 1500 ባይት ፓኬት በ54 ሜጋቢት ሲላክ አየሩን 0.22 ሚሊሰከንድ ይይዛል፤ ሲግናሉ ደክሞ በ6 ሜጋቢት ከሆነ 2 ሚሊሰከንድ፣ ዘጠኝ እጥፍ። ይህ እንግዲህ የማረጋገጫ ምላሹን ሳይጨምር ነው። ሁለተኛው ብሎክ ያሻገረው እያንዳንዱ ፓኬት ከራሱ ነዋሪዎች አየር ላይ የተቆረጠ ነው። ለዚህ ካሣ አያስፈልግም ነው የሚሉት?

ልዩ ቺፕ የለም ለተባለው፣ ስፕራይት የተባለው ዘዴ (ለስላሳው አይደለም) እ.ኤ.አ. በ2003 ያለ ቺፕ መጥቷል። ላኪው መልእክቱን ይፈርማል፣ ያሻገረ ሁሉ ደረሰኝ ይይዛል፣ ደረሰኞቹን በኋላ ወደ አንድ የሂሳብ ማዕከል ይልካል፣ ማዕከሉ ከላኪው ቀንሶ ላሻገሩት ያካፍላል። የጫፉ ብሎክም አሻግሮ ባያገኝ በብር ገዝቶ ይሞላል።

አይቆጠር ባይ፦ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ልቁጠርሎት። አንድ ጊጋባይት ወደ 667 ሺህ ፓኬት ነው። በእያንዳንዱ ላይ 64 ባይት ፊርማ ቢጨመር 43 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከባለ 1500 ባይቱ አንጻር ከ4 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ተቀባዩ በቲሲፒ (ዳታ መድረሱ በሚረጋገጥበት ደንብ) የሚመልሰው “ደርሶኛል” ግን ራሱ 40 ባይት ሊሆን ይችላል፤ ፊርማው ከደብዳቤው በለጠ። አሻጋሪው በፓኬት 32 ባይት ደረሰኝ ቢይዝ ለአንድ ጊጋባይት 21 ሜጋባይት ይሆናል፤ የብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች ፍላሽ (ቋሚ ማከማቻ) ጠቅላላው 16 ሜጋባይት ነው። በራም ቢይዘው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ስለ መብራት ካነሳን፣ እነዚህ ራውተሮች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት ተመልሶ ሲነሱ በኢንተርኔት ሰዓታቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ያለፈ ቀን ላይ ናቸው። በዚያ መሀል የተያዘ ደረሰኝ ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይዞ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ማዕከሉ ቢቀበለው ያረጀ ደረሰኝ እንደገና ለሚልክ አጭበርባሪ በር ይከፍታል፣ ባይቀበለው እውነተኛው አሻጋሪ ይከለከላል።

ይቆጠር ባይ፦ በፓኬት መፈረም ሞኝነት ነው፣ እሱን አልከራከርም። መላው የሃሽ ሰንሰለት ነው (ሃሽ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት ቁጥርን መቀየር ነው)፤ ሪቨስት እና ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1996 ለትናንሽ ክፍያ ያቀረቡት። ተጠቃሚው የዘፈቀደ ቁጥር ይዞ 1000 ጊዜ ሃሽ ያደርገዋል፣ የመጨረሻውን ውጤት አንዴ ብቻ ፈርሞ ይሰጣል። ከዚያ በየሜጋባይቱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ያለውን ቁጥር ይለቃል። ተቀባዩ አንዴ ሃሽ አድርጎ ከፊተኛው ጋር ያመሳክራል፣ አለቀ። ለአንድ ጊጋባይት 1000 ቁጥር፣ 32 ኪሎባይት። መያዝ ያለበትም የመጨረሻውን ቁጥርና ያንን አንድ ፊርማ ነው፤ ሰዓት አይጠይቅም፤ ተጠቃሚው ቢክድ የሚጠፋው አንድ ሜጋባይት ነው።

አይቆጠር ባይ፦ ይህ ይሻላል። ግን አሁንም የማን ቤት እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል፤ ክፍያው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። በማክ አድራሻ (በመሣሪያው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) መቁጠር የሚያስቡ ካሉ ይተዉት፤ ማክ በአንድ ትዕዛዝ ይቀየራል፣ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች በየኔትወርኩ የተለየ ማክ ራሳቸው ያወጣሉ። የኔትወርኩ ፓስወርድም አያድንም። አንዱን ፓስወርድ ስድስት ብሎክ ካወቀው ሁሉም የውስጥ ሰው ነው፤ ማንም ተነስቶ በኦኤልኤስአር “ወደ 0.0.0.0/0 (ወደ መላው ኢንተርኔት) በእኔ በኩል ነው” ብሎ ቢያውጅ የአጠገቡ ብሎክ ትራፊክ ወደ እሱ ይጎርፋል።

የእኔ መላ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ራውተር እስከ መውጫው የዋየርጋርድ ዋሻ (የተመሰጠረ መስመር) ይዘርጋ፤ የቤቱ መታወቂያ ቁልፉ ነው። በአይፒቪ4 አድራሻ በፓኬት 60፣ በአይፒቪ6 ደግሞ 80 ባይት ይጨምራል፣ ስለዚህ ለሁለቱም እንዲበቃ የዋሻው ኤምቲዩ (ትልቁ የፓኬት መጠን) 1420 ይደረግ፤ ካልተደረገ ትንንሽ መልእክት እየሄደ ትልልቁ ገጽ አልከፍት ይላል፣ ሰውም ኢንተርኔቱን ይረግማል። ሐሰተኛ መውጫ ቢነሳ የሚያገኘው የተመሰጠረ ነገር ነው፤ ሊጥለው ይችል ይሆናል እንጂ አያነበውም፣ በሌላ ሰው ስምም አይጠቀምም።

ይቆጠር ባይ፦ ዋሻው እኮ በየቁልፉ የገባና የወጣ ባይት ይቆጥራል! በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ወደ ሌላ ማሽን መገልበጥ ነው የሚቀረው፤ መውጫው ሲነሳ ከዜሮ ስለሚጀምር። ቆጣሪ አልፈልግም ብለው ቆጣሪውን አስገቡልኝ።

አይቆጠር ባይ፦ ቁጥሩ ይኑር፣ ሂሳብ አይሁን። መውጫው ላይ የሚቆጠረው የተላከው ነው እንጂ የደረሰው አይደለም። መንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት ሲደገም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ሲግናሉ የደከመው ስድስተኛው ብሎክ ላልደረሰው ይከፍላል። ከሂሳብ ይልቅ መውጫው ላይ ኬክ የተባለውን የሊኑክስ ወረፋ አስተካካይ አስገብተን ከመስመሩ 95 በመቶ ላይ እንገድበው፤ ዋሻው የሚፈታው እዚያው ስለሆነ ለየቤቱ እኩል ያካፍላል። ጭነት ሲኖር ፊልም አውራጁ የቴሌግራሙን ሰው አይጫነውም፤ ማንም ሌት ሲተኛ ደግሞ ያውርድ፣ ማንን ይጎዳል?

ይቆጠር ባይ፦ ኬኩ የሚያየው ባለ 50 ሜጋቢቱን ፋይበር ነው። የሚጠበው ግን ሦስተኛው ቅብብል ላይ፣ 13 ሜጋቢት ላይ ነው፤ መውጫው እዚያ ያለውን መጨናነቅ አያየውም። ማሻገሩን ያጠፋውንስ በምን ያውቁታል? ጎረቤት እያዳመጠ ይቆጣጠር የሚለው እ.ኤ.አ. የ2000 ሐሳብ አቅጣጫ ያለው አንቴና ሲሰቀል አይሠራም፤ ወደ ወዲያ የተላከው ወደዚህ አይሰማም።

አይቆጠር ባይ፦ ለጥበቱ ሁለተኛ ሬዲዮ በ5 ጊጋኸርዝ፣ ለየቅብብሉ የተለየ ቻናል፤ ከመዋጮው ይገዛ። አጥፊውን ለማወቅ በየሰዓቱ መውጫው ወደ እያንዳንዱ ብሎክ በዋሻው ውስጥ የሙከራ ፓኬት ይላክ። የመንገድ መልእክቱ እየደረሰ ሙከራው በአንዱ ብሎክ በኩል ሲያልፍ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ማን እንደሆነ ታወቀ፤ የማህበሩ ሰው ሄዶ በር ያንኳኳል።

ይቆጠር ባይ፦ እስማማለሁ፤ ሁለተኛው ብሎክ ግን ካሣውን ይቀበል። ራውተሩ ቻናሉ ስንት ሚሊሰከንድ እንደተያዘና ከዚያ ውስጥ ስንቱ የራሱ ንግግር እንደሆነ ይመዘግባል፤ በዚያ ይሰላለት።

አይቆጠር ባይ፦ የሚጽፈው የባለቤቱ ራውተር ነው። ያሻውን ይጽፋል።

ይቆጠር ባይ፦ ይጻፍ። አንደኛውና ሦስተኛው ብሎክ ያንኑ አየር ይሰማሉ፤ የእሱ መዝገብ 70 በመቶ ሲል የእነሱ 30 ካለ ይያዛል።

አይቆጠር ባይ፦ ለየቅብብሉ የተለየ ቻናል ከሰጠን በኋላ አንደኛው የሚሰማው ከእሱ ጋር የሚጋራውን ቻናል ብቻ ነው፣ ሦስተኛውም የራሱን። ሁለቱን መዝገቦች መደመር አለብዎት፤ አንዱ ጎረቤት መብራት የጠፋበት ቀን ደግሞ የሚያመሳክሩበት የለም።

ይቆጠር ባይ፦ ለዚያ ቀን ካሣ አይከፈል። ለሌሎቹ ቀናት ይከፈል።